መስመሩ የዋጠው እቶን

በቅሎዋ መሃል ወንዝ ላይ ስትደናቀፍ የካርታ ነዳፊው ቀድሞ የያዘው ልጓሙን አልነበረም፤ ጀርባው ላይ በጠፍር የታሰረውን የቆርቆሮ ቱቦ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ቱቦውን ሲያቅፍ እሱ ራሱ ከነኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ጫኞቹ በብብቱ ገብተው ባይደግፉት ኖሮ ውሃ ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ጫኞቹ ከወንዙ እስኪወጡ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ያዙ። እሱ በሌለበት አባ ጭረት ነው የሚሉት፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስለሚጭር። አንደኛው ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ ይኼ ሰውዬ እሱ ሰምጦ ወረቀቱ ከዳነ ሞትኩ አይልም ብሎ አንሾካሾከ። ከፊት የሚሄደው ሻለቃም ሳይሰማ አልቀረም፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ታይቷል።

ነዳፊው ግን የሚስቅ ልብ አልነበረውም። ቱቦውን ከፍቶ የካርታው ሸራ አለመርጠቡን በጣቱ ሳይዳስስ ወደ በቅሎው አልተመለሰም። እዚያ ሸራ ላይ ያለው ቀይ መስመር እግራቸው ይህን አፈር ረግጦ የማያውቅ ትላልቅ ሰዎች፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ፣ በእርሳስ ያሰመሩት ነው። ያ ረጅም ጦርነት ሁለቱንም መንግሥታት አራቁቶ፣ ገዳዩም ሟቹም ሲታክተው፣ በሉ እንካፈል ተባለና ካርታ ተዘረጋ። መፈራረሙ የሰዓታት ሥራ ነበር አሉ፤ ከዚያም ምሳ ተበላ። እርሳሱን ከወረቀት ወደ መሬት ማውረዱ ደግሞ የድንበር ኮሚሲዮኑ ዕዳ ሆነ። ከወዲህ ወገን ሻለቃው፣ ነዳፊው፣ የመለኪያ ሰንሰለት ጎታቾቹና ጫኞቹ፤ ከማዶ ወገን አንድ ኮሎኔል፣ አንድ መሐንዲስና አንድ ጓድ ወታደሮች። አብረው ይጓዛሉ፣ ድንኳናቸውን ለየብቻ ይተክላሉ፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ይነሣሣሉ። ቂማቸውን ሁሉም በየጉያው ይዞታል።

እስከዚያ ቀን ድረስ መስመሩ ያረፈው በሰው ማሳና በሰው ግጦሽ ላይ ነበር። ነዳፊው አዝኖ ያውቃል፤ ቢሆንም እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ወንዙን ተሻግረው የሚወጡት ወደ እህቱ መንደር ነው።

መንደሩ ከሸለቆው ግርጌ ነው ያለው። ቀዩ መስመር ከመንደሩ በላይ ተዳፋቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ መንደሩ ወደ ማዶ መሄዱ እንደማይቀር ነዳፊው ካርታውን ባየበት ዕለት አውቆታል። ለሌላው ነዋሪ ይህ ማለት ግብሩን ለሌላ ሹም መክፈል ነው፤ ያማርራል፣ ይከፍላል፣ ኑሮውን ይቀጥላል። ለእህቱ ባል ግን ሞት ነበር።

አማቹ ትውልዱ ከማዶ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከእርሻው ላይ ታፍሶ፣ እንደ ምልምል ሁሉ ክንዱ ላይ ቁጥር ተነቅሶ፣ ጠመንጃ ተሸክሞ ዘመተ። አንድ ጠዋት ሰዎች የተቆለፉበትን ቤት አቃጥል ብለው ችቦ ሲያስጨብጡት ችቦውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። የማዶ ጦር ለከዳተኛ ምሕረት የለውም፤ ጦርነቱ ቢያበቃም ባያበቃም ግድግዳ አስደግፈው ይተኩሱበታል። ወዲህ ተሻግሮ ኖራ ማቃጠል ለመደ፣ ከመንደሩ በላይ ያለውን የመንደሩን የኖራ እቶን ተረከበ፣ የነዳፊውን ታናሽ እህት አገባ። የክንዱን ቁጥር በገዛ እጁ በጥሬ ኖራ አቃጥሎ አጥፍቶታል። ግን በቁጥሩ ፋንታ የቀረው ነጭ ጠባሳ ከቁጥሩ የባሰ ነገር አሳባቂ ሆነ፤ ያየው ወታደር ሁሉ ሰውየው ምን እንደነበር ያውቃል።

ኮሚሲዮኑ ያረፈው በመንደሩ የእህል መጋዘን ነው። ነዳፊው ዘመድ ጥየቃ አላለም፤ የመጀመሪያውን ቀን ተዳፋቱ ላይ ዋለ። ባለሦስት እግር ጠረጴዛውን ተከለ፣ ውሃ ልኩን አስተካከለ፣ የናሱን ማነጣጠሪያ ሸራው ላይ አጋድሞ በአንድ ዓይኑ ቀይና ነጭ ባንዲራዎቹን ይፈልግ ጀመር። ሰንሰለት ጎታቾቹ ቁጥቋጦውን እየጣሱ ይጎትታሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ ይጮኻሉ፣ እሱ በእርሳስ ነጥብ ይጥላል። ከቀዩ እርሳስ እምብርት ላይ ነው ችካል የሚተከለው ተብሎ ሁለቱ ወገኖች ገና ከጅምሩ ተስማምተዋል። የማዶው መሐንዲስ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ዝምተኛ ሰው፣ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ንባብ ለራሱ ደግሞ ያነባል።

ነዳፊው ወደ እቶኑ የሚያነጣጥርበት ተራ ሲደርስ እርሳሱን እንደገና ቀረጸ። እቶኑ የድንጋይ ጉልላት ነው፤ አናቱ ላይ ጭስ መውጫ፣ ግርጌው ላይ የእሳት አፍ፣ ጎኑ ላይ ለመሣሪያና ለማረፊያ የምትሆን አንዲት ክፍል። ነጥቡን ጣለ። እቶኑ ከችካሉ ወዲህ ወደቀ፤ ከችካሉ ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ያህል ርቀት ነው። ምኞቴ እጄን መርቶት እንዳይሆን ብሎ ሰረዘና እንደገና ለካ። ያው ነው። መሐንዲሱም አነጣጠረ፣ ልክ ነው ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ነዳፊው ከወንዙ ጀምሮ አፍኖ የያዘውን ትንፋሽ የተነፈሰው ያን ጊዜ ነው።

ደግነቱ የውሉ ቃል ለዚህ ነገር ግልጽ ነበር። መንደር ወደ አንዱ ወገን ሲሄድ ከነንብረቱ፣ ከነማሳው፣ ከነወፍጮው ይሄዳል፤ ለሌላው ወገን የሚቀረው ሁለቱ መኮንኖች መጨረሻ ላይ በሚፈርሙበት ሸራ ላይ ከመስመሩ ወዲህ ተስሎ የሚታየው ብቻ ነው። እቶኑ ደግሞ ከመስመሩ ወዲህ ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ እህቱ ቤት ወረደ። ግድግዳው በባሏ ኖራ ተለስኖ ዓይን ይወጋል። ከበሩ ኋላ የታሰረ ጓዝ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብስ፣ ማሰሮ፣ አዲስ ጫማ። እህቱ ቀኗ ደርሷል፤ ወገቧን ይዛ ተነሥታ ሳመችውና ወደ ጓዙ በዓይኗ አመለከተችው። አማቹ እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፎ ጥግ ተቀምጧል። የሚኖርበትን ቤት ለወራሽ እንደሚያስረክብ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ጋሼ፣ እኔ ልሂድ» አለ፤ ነገሩን ያሰበበት መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። «ወደ ከተማ ልግባና ጠፍቼ ልክረም። እሷ በሰላም ከተገላገለች በኋላ ትከተለኛለች።»

እህቱ ግን የምትከተል አይመስላትም ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ይህን ብቻዬን ሆኜ አልወልደውም ትላለች። ስለዚህ ወይ አብሬው በበቅሎ እሄዳለሁ ወይ እሱ አይሄድም ብላ ስትከራከር ሰንብታለች። በዚህ ሆድ በቅሎ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ ቀብር መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ።

ነዳፊው ያኔ ተናገረ፤ የተናገረውንም ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። እቶኑ ወዲህ ነው አላቸው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያች ክፍል ግቡ፣ ቤቱን ተዉት፣ ቤት ይሠራል። ሥራህም እዚያው ነው፣ ሚስትህም አዋላጅዋን አስመጥታ እዚያው ትወልዳለች። ከተማ ገብተህ ለማኝ ከምትሆን በአገርህ ኖራህን አቃጥል። አማቹ ችካል ይነቀላል ብሎ ሲጠራጠር ነዳፊው ቆጣ አለ፤ ሙያው የተነካበት ሰው ቁጣ ነበር።

«እኔ ነኝ የለካሁት። ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት። በእኔ ይሁንብህ፣ ከእቶንህ ንቅንቅ እንዳትል።»

 አማቹ ተነሥቶ ከበሩ ኋላ ያለውን ጓዝ ፈታ፤ አዲሱን ጫማም ለሚስቱ ሰጣት፣ መልሳ እንድታስቀምጠው። እህቱ አለቀሰች፣ የደስታ ልቅሶ ነው። በማግሥቱ በመንደሩ አህያ ዕቃቸውን ወደ እቶኑ አወጡ፤ አማቹም ቀድሞ እቶኑ ውስጥ በጫነው የኖራ ድንጋይ ሥር እሳት ለኮሰ። አንዴ የተለኮሰ እቶን ድንጋዩ እስኪበስል ቀን ከሌት እሳት እየመገቡት ይጠበቃል እንጂ ጥለውት አይሄዱም። መለኮሱ ራሱ አልሄድም ማለት ነበር።

ሸራው በቀለም የሚወጣበት ቀን መጣ። መጋዘኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ጠረጴዛ ሆነ። ነዳፊው ጥቁሩን ቀለም በሸክላ ሳህን ላይ በውሃ ፈተገ፣ ብዕሮቹን በየውፍረታቸው ደረደረ፣ ሸራውን በኖራ ብናኝ አሸት አድርጎ ቅባቱን አስለቀቀ። ሊጀምር ሲል ኮሎኔሉና ሻለቃው አብረው ገቡ። ኮሎኔሉ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲቀልድ የሚያስቀው ግን የገዛ ወታደሮቹን ብቻ ነበር።

«ነዳፊያችሁ እዚህ መንደር ሥጋ ዘመድ አለው አሉ» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «እጁ ወደ ዘመዱ እንዳያዘነብል ብቻ።»

ሻለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። «ክቡር ኮሎኔል፣ ይህ ሰው ለወለደችው እናቱ ፀጉር ታህል አይጨምርም። በእሱ እጅ እምላለሁ።»

ነዳፊው ቀና ሳይል እጅ ነሣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሻለቃው አፍ ሰምቶት የማያውቀው ምስጋና ነው። ጆሮው እስኪግል ደስ አለው፤ ደስታው ውስጥ ግን አንዲት ፍርሃት ገብታ ተቀመጠች። ሁለቱ መኮንኖች ወጡ፣ መሐንዲሱ ብቻ ሊመሰክር ከበሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ቀረ።

አሁን ስለ ካርታ ሥራ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ሳይናገሩት የሆነው ነገር አይገባም። በንድፍ ቤት ሕግ የመንግሥት ወሰን ከሁሉ በወፈረው ብዕር ነው የሚሠመረው። እርሳሱ የቱንም ያህል ቀጭን ቢሆን ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ንጉሥ ሲያየው ደስ ይበለዋ። ያ ውፍረት ወደ መሬት ቢመነዘር ግን የገበያ ሜዳ ያህል ይሰፋል። እንግዲህ ከመስመሩ እምብርት ብዙ ያልራቀ ቤት ወይም ዛፍ ቢኖር ቀለሙ ይውጠዋል ማለት ነው። ነዳፊዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቤቱን ካለበት ጎን ሳያወጡ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውጭ ያስጠጉታል። ውሸት ነው፣ ግን አይዋሹበትም። ቤቱ በየትኛው ወገን እንዳለ እውነቱ እንዲታይ ሲባል ቦታው ትንሽ ይዋሻል። ይህን ለጀማሪ የሚያስተምሩት ቀለም መፈተግን ባስተማሩት ሳምንት ነው። ነዳፊው በዕድሜው ያስጠጋውን ቤት፣ ጉድጓድና ድልድይ ሰብስበው ቢያሰፍሩት አንድ አውራጃ ይወጣው ነበር።

ወሰኑን ከሰሜን ጫፍ ጀምሮ አወረደው። ወንዙ ዳር የወዲህ ሰዎች የሆነች አንዲት የውሃ ወፍጮ አለች፤ መስመሩ ሊነካት ሲል እጁ ራሱ ሳያስበው ነጥቧን ወደ ምዕራብ አስጠግቶ አለፈ። ከወፍጮዋ በታች ያለችውን ብቸኛ ዋርካም እንዲሁ አደረጋት። ብዕሩ ውሃ እንደሚወርድ ወረደ። እቶኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

የእቶኑ ነጥብ ልክ ቀለሙ ሊያርፍበት ባለው ቦታ ላይ ነበር። ማስጠጋት ነው፤ እንደ ወፍጮዋ፣ እንደ ዋርካዋ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ያህል ወደ ግራ። ብዕሩን አነሣ። ከበሩ አጠገብ መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማ፣ የኮሎኔሉም ሳቅ ጆሮው ላይ መጣ። እጁ ወደ ዘመዱ እንዳያዘነብል።  ወፍጮዋን ሲያስጠጋ ሙያ ነበር፤ ይህን ቢያስጠጋ ግን አድልዎ ነው፣ ለአማቹ አድልቶ ካርታ አበላሸ ይሉታል፣ ሻለቃው በእጁ የማለበትንም ያዋርደዋል። ደግሞስ ምን አስፈራኝ ብሎ ራሱን አጽናና፤ ችካሉ መሬት ላይ አለ፣ መሐንዲሱ በገዛ መነጽሩ አይቶታል፣ እቶኑ ወዲህ መሆኑን የማያውቅ የለም። በልክ የተለካ ነገር ምን ይሆናል? ከጎኑ «እቶን» ብሎ ስሙን ቢጽፍስ ብሎ ደግሞ አሰበ። ነጥብ ለሌለው ነገር ስም አይጻፍም፤ ይህም ሕግ ነው።

እንግዲህ አላስጠጋውም። ብዕሩን አሳረፈና ቀጥ አድርጎ ጎተተው፤ ወፍራሙ ጥቁር ቀለም በእቶኑ ነጥብ ላይ አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። በሕይወቱ ካሠመራቸው መስመሮች ሁሉ ያማረው ያ ነበር።

መሐንዲሱ ተነሥቶ መጣ። መነጽሩን አድርጎ ሸራው ላይ አጎነበሰ። ወፍጮዋን አየ፣ ዋርካዋን አየ፣ ወደ ታች ወርዶ ባዶው ቦታ ላይ ብዙ ቆየ።

«ጨርሰዋል?» አለ።

«ጨርሻለሁ።»

«የሚጨምሩት ነገር የለም?»

ነዳፊው የለም አለ። መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ አንገቱ ላይ ለቀቀው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መኮንኖች ፈረሙ፣ ማኅተማቸውንም አተሙ። ሻለቃው የነዳፊውን ትከሻ መታ መታ አደረገው፤ ዝናቡ ሳይገባ ልንገላገል ነው ብሎ ፊቱ ፈክቷል።

በማግሥቱ የድንጋይ ምሰሶዎች መተከል ተጀመሩ። ነዳፊው ከሰንሰለት ጎታቾቹ ጋር ከተዳፋቱ በታች ጉድጓድ እያስቆፈረ ሳለ ቀና ቢል ኮሎኔሉ በፈረሱ ላይ፣ ሸራውን በክንዱ ይዞ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ እቶኑ ሲወጣ አየ። የእቶኑ ጭስ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነዳፊው ጥቂት ሊያስብ ሞከረ፤ ሊጎበኙ ይሆናል፣ ኖራ ሊገዙ ይሆናል። ከዚያ በእጁ የነበረውን ባንዲራ ጣለና ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው።

አማቹ ከእሳቱ አፍ ፊት በአካፋ ፍም እየጎተተ ነበር፤ ሙቀቱ ስለሚያንገበግብ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቧል። ወታደሮቹን አይቷቸዋል። ሮጦ ወደ ላይ ጫካ ለመግባት ጊዜ ነበረው። ግን ወዲያው ደግሞ የሚስቱን ወንድም እየሮጠ ሲመጣ አየና ቆመ። ነገሩን ሊያስተካክል የመጣ መሰለው። አካፋውን ተደግፎ ጠበቀው።

ነዳፊው ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይህ የወዲህ ነው፣ ችካሉ ያውላችሁ ከእግራችሁ በታች፣ እኔው ነኝ የለካሁት አለ። ኮሎኔሉ አልተቆጣም። ከፈረሱ ወርዶ ሸራውን በትህትና ዘረጋለት።

«ችካል ለሠራተኛ ነው፤ እኔ የፈረምኩት በዚህ ላይ ነው። መንደሩ ከነንብረቱ የእኛ ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ ተስሎ ከሚታየው በቀር። በል እንግዲህ ራስህ ነህ የሳልከው፤ በእናንተ ወገን ያለውን እቶን አሳየኝ።»

ነዳፊው ሸራውን አየ። ወፍጮዋ አለች፣ ዋርካዋ አለች። ከዚያ በታች ያ ያማረ ጥቁር መስመር ነው። ጣቱን አነሣ፣ የሚያሳርፍበት አጣ። በዚህ መሃል አንድ ሃምሳ አለቃ የአማቹን ክንድ ይዞ ጠባሳውን ወደ ብርሃኑ አዞረና ለኮሎኔሉ አንገቱን ነቀነቀ። አማቹ አልታገለም። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ዓይኑ ነዳፊው ላይ ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ መቼ ነው የምትናገርልኝ የሚል ነበር። እየወሰዱት ሳለ ወደ እቶኑ ዞሮ እሳቱን አታጥፉት፣ ድንጋዩ ግማሹ ነው የበሰለው አለ።

ነዳፊው ሻለቃውን ያገኘው መጋዘኑ በር ላይ ጫማውን ሲያስጠርግ ነው። ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። ሻለቃው ደንግጦ አነሣው፣ ሰማው፣ ፊቱ ዳመነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖም ስለ አንድ እቶን ብለን ይህን ሸራ ከከፈትነው እነሱ ደግሞ ተራራውን ይከፍቱታል፣ ከዚያ እንደገና ጦርነት ነው አለው። ዓይኑን አላየውም። ሂድ ውሃ ጠጣ ብሎት ወደ ውስጥ ገባ። ነዳፊው በዚያ ቅጽበት ጠላው፤ ትናንት በእጁ ስለማለለት ከኮሎኔሉም አብልጦ ጠላው።

መሐንዲሱ ከመጋዘኑ ጎን መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ እየከተተ ነበር። ነዳፊው ሲያልፍ ሳጥኑን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወገኖቹ እንዳይሰሙ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ተናገረው።

«እኔ ብሆን አስጠጋው ነበር። ማንም ነዳፊ ያስጠጋዋል። ኮሎኔሉም ቢሆን ምንም አይልም ነበር፤ እሱ ቀልዱን ነው የቀለደው። ያስጠጉታል ብዬ ነው ዝም ብዬ የጠበቅሁዎት።»

ነዳፊው ተመልሶ ዳገቱን ወጣ። ምሰሶው ሊተከል ነው፣ ጎታቾቹ እየጠሩት ነው፤ እሱ ግን እቶኑ ጋ ሄዶ አካፋውን አንሥቶ እሳቱን መመገብ ያዘ። አያውቅበትም፤ ፊቱን ለበለበው። ሥራ መሥራት ግን ነበረበት፣ ካልሠራ ይጮህ ነበር።

እህቱ መንደር ውስጥ አዋላጇ ዘንድ ነበረች። ወሬው እዚያ ደርሶባት ያን ሁሉ ዳገት በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ ወጣች። ስትደርስ ወታደሮቹ ከሸለቆው ባሻገር ባለው መንገድ ላይ ናቸው፤ ከሩቅ አቧራቸው ብቻ ይታያል። እሷም አየችው። አልጮኸችም፣ ፀጉሯንም አልነጨችም። ከእቶኑ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች፤ ከዚያ ወንድሟን አካፋውን አስቀምጥ አለችው። አስቀመጠ።

«አንተ ነህ የሳልከው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ተሳስተህ ነው አይደል?» ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበረ። ስሕተት ከሆነ ይታረማል፣ ሰው ሄዶ ተሳስቼ ነው ብሎ ይለምናል፣ ይማለዳል። «ተሳስተህ ነው፣ እንዲህ በላቸው።»

ተሳስቼ ነው ሊላት ፈለገ። ከልቡ ፈለገ። ግን ዓይኗን እያየ ሊዋሻት አልቻለም፤ በሕይወቱ መዋሸት የሚችለው በብዕር ብቻ ነበር፣ እሱንም ትናንት እምቢ ብሏል።

«አልተሳሳትኩም» አላት። «እቶኑን ካለበት ፀጉር ታህል አላነቃነቅሁትም። የሳልኩት በልኩ ነው።»

 ከሸለቆው ባሻገር ያለው አቧራ ከኮረብታው ጀርባ ገባ።

«ለእኔ ስትል ትንሽ ብትሳሳት ምን ነበረበት፣ ወንድም ጋሼ?»